አቧራ ያልኳቸው ነጥቦች

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት የራጅ ፊልም የማጥብበትን ጨለማ ክፍሌን የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ አደረጉት። ወሬውን የነገረኝ ከገበያ ያመጣኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። «እትዬ ብርቄ፣ ያ ጥቁር መጋረጃዎ ተነቅሎ ግቢ ውስጥ ተጥሏል» አለኝ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ቤቴ እስክደርስ ወጣልኝ። ክፍሉ ሥራውን ጨርሷል። ዛሬ ራጅ የሚታየው በኮምፒውተር ነው፤ ፊልም የሚያጥብ፣ በመንጠቆ ሰቅሎ የሚያደርቅ የለም። እኔም ከፊልሙ ጋር አብሬ ወጣሁ።

ከመውጣቴ በፊት የሠራሁትን ግን እናገራለሁ። ትሑት ሰው አይደለሁም፤ ነገሌ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ሥራዬን አሳምሬ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። ስሕተቴን ትቼ ድሌን ብቻ ባወራ ድሉ ከየት እንደመጣ ማንም አይገባውም።

ትውልዴ እዚሁ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ በነገሌው የጦር ሰፈር ያገለገለ ወታደር ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ያለ ሥራ ቀረ፤ እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የራጅ ትምህርቴን ጨርሼ በጭነት መኪና ጋቢና ተጣብቤ ተመለስኩ። ደመወዜ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ያኔ አማርሬ ጨርሼዋለሁ።

በነገሌ ሆስፒታል የነበሩት የራጅ ባለሙያ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ሸምሱ። ቤተሰባቸው ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥቶ የቀረ ነው። ወንድሞቻቸው ሁሉ ሱቅ ሲከፍቱ እሳቸው ራጅ ክፍል ገቡ። መጀመሪያ ቀን ወረቀቴን ሳያዩ እጄን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ጥፍርሽን ቁረጪ፤ ፊልም ይቧጭራል።»

«ሌላስ ጋሼ?»

«ሌላው ተነግሮ አያልቅም። ቁረጪና ነይ።»

ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር ካሴት መጥረግ ነው። ካሴት ስል ዘፈን የሚሰማበትን አይደለም። የእኛ ካሴት እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው፤ ፊልሙ ከውስጡ በሁለት ነጫጭ ሰሌዳዎች መካከል ይተኛል። በሰሌዳው ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካረፈች ፊልሙ ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትወጣለች። የነገሌን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀዩ አፈር የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ጋሽ ሸምሱ በየጠዋቱ ስድስቱን ካሴቶች አንድ በአንድ ከፍተው በባለቤታቸው አሮጌ የሐር ሻሽ ይጠርጉ ነበር። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ጥግ ላይ ደግሞ በቀለም ቁጥር ጽፈዋል፤ ከአንድ እስከ ስድስት። ቁጥሩ በሚነሳው ራጅ ሁሉ ጥግ ላይ አብሮ ይወጣል።

«ለምንድን ነው ጋሼ?»

«ጥፋተኛውን በስሙ ለመጥራት። ነጥብ ያለበት ፊልም ሲገጥምሽ ቁጥሩን እይና ካሴቱን ቀይረሽ ድገሚ። አቧራ ከካሴቱ ጋር ይቀራል፤ በሽታ ከሰውየው ጋር ይሄዳል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፊልም በመስኮት ብርሃን ሲያዩ የሕመምተኛውን ስም በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑታል። «መጀመሪያ አጥንቱ ይናገር» ይላሉ። ደግሞም «ምንም የለም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔ አንድ ቀን «ምንም የለም» ብዬ ለሐኪም ሳስረዳ ሰምተው ወደ ጓሮ ጠሩኝ። «አንቺ ማነሽና ነው የለም የምትይው? አላየሁም በይ» ብለው ተቆጡኝ። ያን ቀን እንዴት እንደጠላኋቸው!

የአጥንት ዕጢ ዓይነቶችን መለየት የተማርኩትም ከእሳቸው ነው። ከነገሌ ዙሪያ፣ ከሊበን ወረዳ፣ አንድ ሰው ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ፤ የሁለቱም ጉልበት ዙሪያ ጓጉሏል። ጋሽ ሸምሱ ልጆቹን አንስተው ሲጨርሱ አባትየውን «ሱሪህን ሰብስብ» አሉት። «እኔ አልታመምኩም» ብሎ ሳቀ። አነሱት፤ የእሱም ጉልበት ላይ አለ። ሦስቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀሉልኝ። ጉብታው ከአጥንቱ ወደ ውጭ በቅሎ፣ ፊቱን ከመገጣጠሚያው አዙሮ እንደ ቀንድ ወጥቷል።

«ጫፉ ልም አጥንት ለብሷል፤ እንደ ጆሮሽ ያለ» አሉኝ። «ይሄ ከውጭ የሚበቅለው ነው። በዘር ይወርዳል።»

ከዚያ ከመሳቢያቸው የአንድ ሰው እጅ ፊልም አወጡ። የጣቶቹ አጥንቶች ከውስጥ ተነፍተው አረፋ የሞላባቸው ይመስላሉ። «ይሄ ደግሞ ከውስጥ ነው። ሰውየው ሲያድግ አጥንት መሆን ሲገባው ልም ሆኖ የቀረ ቁራጭ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ በዘር አይወርድም። ኦሊየር ይሉታል። ከፊተኛው ጋር ካደባለቅሽው የሰው ትዳር ታፈርሻለሽ።» እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር በዘር የሚወርድ ነገር አለባት የተባለች ልጅ ባል አታገኝም።

«ሦስተኛም አለ» አሉ ፊልሙን ወደ መሳቢያው እየመለሱ። «የውስጡ ዕጢ ከቆዳ ሥር ካለ የደም ሥር እብጠት ጋር ሲመጣ። ማፉቺ ነው ስሙ። ወደ ካንሰር የመለወጥ ነገር ከኦሊየርም ይብስበታል ይላሉ። እኔ አላየሁም።»

ጋሽ ሸምሱ ጡረታ ወጥተው በመጨረሻ እንደ ወንድሞቻቸው ሱቅ ከፈቱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። በዚያ ዘመን የነበሩት አለቃችን «አንድ ሕመምተኛ፣ አንድ ፊልም» የሚል ወረቀት በክፍሌ በር ላይ ለጠፉ። ፊልም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል፤ መንገዱ ሲበላሽም ሁለት ወር። አልፈርድባቸውም። ግን ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን ቢያዩት ቀደው ይጥሉት ነበር። እኔ አልቀደድኩትም።

ቦሩ የመጣው ያኔ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ረጅም፣ ቀልደኛ የሊበን ከብት አርቢ ነበር። በኦሮምኛ «አካም?» ብዬ ሰላም ስለው «ናጋ፣ ናጋ» እያለ የግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹ በየአንጓው አብጠዋል። የእጁ ጀርባ ደግሞ እስከ ክርኑ ድረስ በጠባሳ ተሞልቷል፤ በቆላው እንደሚደረገው እብጠቱን በጋለ ብረት ተኩሰውታል።

«አያስቸግርህም?» አልኩት።

«ይጠቅማል እንጂ! ጥጃ ስይዝ ገመዱ እዚህ ይጠመድልኛል፤ አያንሸራትተኝም» አለና እየሳቀ ጣቱን አሳየኝ።

አነሳሁት። ፊልሙን አጥቤ ሳይደርቅ ለሐኪሙ ወሰድኩለት። አጥንቶቹ ውስጥ አረፋው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከአጥንቶቹ ውጭ ደግሞ፣ ሥጋው ላይ፣ ሰባት ስምንት ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ሐኪሙ እርሳሱን ነጥቦቹ ላይ አድርጎ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለኝ።

ጥጉን አየሁ፤ አራት ቁጥር። አራት ቁጥር ካሴት አንዴ ወድቆ መዝጊያው ላልቷል፤ ጠዋት ጠርጌው ቀትር ላይ አቧራ ይገኝበታል። ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ! ወረፋው ደግሞ ግቢው ድረስ ደርሷል።

«የአራት ቁጥር አቧራ ነው፤ ይተዉት» አልኩ።

በዚያ እርግጠኛ ድምፅ የተናገረ ሰው እንዴት ይጠረጠራል? ሐኪሙ አመነኝ። ወረቀቱ ላይ «ኦሊየር» ብሎ ጻፈ፤ ቦሩንም «ካንሰር አይደለም፤ ካመመህ ተመለስ» አለው። ቦሩ መርቆን፣ ፊልሙን ተቀብሎ ሄደ። ካሴት ቀይሬ ለመድገም አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አልያዘኝም፤ የያዘኝ አውቃለሁ ባይነቴ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዚያ ወደ ዶሎ ኦዶ ተመደብኩ። ስደተኛው የበዛበት ጊዜ ነበር። ለቅሶዬን አይታ እናቴ «የባሰ አለ፣ አገርሽን አትልቀቂ» ብላ ቀለደችብኝ፤ የባሰው ራሱ ዶሎ መሆኑን አላወቀችም። ሙቀቱ የፊልም ማጠቢያውን ውሃ ስለሚያፈላው ምስሉ ከፊልሙ ላይ እየቀለጠ ይንሸራተታል። ጄሪካኖቹን በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ ነፋስ እንዲመታቸው ሰቀልኩ፤ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ባደረው ውሃ ጎሕ ሲቀድ አጥባለሁ። ማንም ያላስተማረኝ የራሴ ዘዴ ነው። በዚያ በረሃ ያነሳኋቸው ራጆች ከነገሌዎቹ ይበልጥ ጠርተው ይወጡ ነበር፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ድረስ ተወርቶልኛል። እየኮራሁ ነገሌ ተመለስኩ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት አንዲት የሊበን እናት ራጅ ክፍል ገባች። ልጇን ሁለት ሰዎች ደግፈውታል። ግራ ትከሻው አብጦ ልብሱ አልገባ ብሎታል፤ ፊቱ ከስቶ አላወቅሁትም። እናቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከጉያዋ አወጣች። አራት ቁጥር ያለበት የዱሮው የቦሩ ፊልም ነው። ጎጆዋ ጣራ ሥር ሸጉጣ ይህን ሁሉ ዓመት አኑራዋለች።

ትከሻውንም እጁንም አነሳሁ፤ በሁለት ቁጥር ካሴት። አዲሱን የእጅ ፊልም ለማድረቅ ስሰቅለው አሮጌውን ከጎኑ ሰቀልኩት። ነጥቦቹ አሉ። እዚያው ቦታ ላይ ናቸው፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ሦስት፣ ከእጅ አንጓው በላይ ሁለት፣ ጥቂት ወደ ክርኑ። አራት ቁጥር ካሴት ከዓመታት በፊት ተሰብሮ ተጥሏል። አጉሊ መነጽር አምጥቼ አየኋቸው። አቧራ ጠርዙ የተቆራረሰ ነው፤ እነዚህ እንደ ጨሌ ክብ ናቸው፤ መሐላቸው ሣሣ ያለ። በደም ሥር እብጠት ውስጥ ደም ረግቶ የሚሠራቸው ጠጠሮች ናቸው። ጋሽ ሸምሱ «እኔ አላየሁም» ያሉት ሦስተኛው በሽታ ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ ነበር፤ አቧራ ብዬ ያባረርኩት እኔ ነኝ።

ቦሩ አዲስ አበባ ተላከ። የትከሻው አጥንት ወደ ካንሰር ተለውጦ ደረቱ ደርሶ ነበር። ተመልሶ መጥቶ ዝናብ ሳይገባ ሞተ። ባውቅለት ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። ግን ማፉቺ ነው ተብሎ ቢሆን ከእግር እስከ ራሱ ይታይ ነበር፤ በየዓመቱም እየተጠራ ይነሳ ነበር። ይህን ዕድል የነሳሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የነበረው ሐኪም አገር ለቋል፤ ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ፊልሙን ለእናቱ መልሼ ሰጥቼ ዝም አልኩ።

የተናገርኩት ለጋሽ ሸምሱ ብቻ ነው። አዲሱን ፊልም ይዤ ሱቃቸው ሄጄ ከስኳርና ከሳሙናው መሐል ቆሜ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ፊልሙን ተቀብለው ስሙን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ወደ ብርሃን ዘረጉት። ያባብሉኛል ብዬ ነበር።

«ነገ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» አሉኝ።

«ሁለት ሰዓት።»

«አንድ ሰዓት ተኩል ግቢና ካሴቶቹን ጥረጊ።»

ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ነጥብ አይቼ ካሴት ሳልቀይር ያለፍኩበት ቀን የለም። አለቆቼም ስለ ፊልም ቁጥር ሲጮሁብኝ እኔ ከእነሱ በላይ እጮህ ነበር። አንድ የካርቶን ክዳን ቆርጬ በትልልቁ ጻፍኩበትና ጨለማ ክፍሉ በር ላይ ቸነከርኩት። «ጉብታው ከአጥንት ውጭ፦ ወላጆቹንም አንሺ፣ በዘር ነው። ከአጥንት ውስጥ፦ ኦሊየር፣ በዘር አይደለም። ከአጥንት ውስጥ ሆኖ ሥጋው ላይ ክብ ነጥብ ካለ፦ ካሴት ቀይሪ። ነጥቡ ካልጠፋ፦ ማፉቺ፣ ዛሬውኑ ተናገሪ።» ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጸሎቴ ነው» እላለሁ።

ኩሌ ስትመጣ ካርቶኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ነገሌ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበር። አባቷ ኦቦ ዋቆ ከሊበን መጥቶ ነው ያመጣት። የቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቿ በየአንጓው አብጠዋል፤ ጀርባው በጋለ ብረት ጠባሳ ተሞልቷል። ክንዷ ላይ ደግሞ ገና ያልዳነ፣ አዲስ የተተኮሰ ቁስል አለ።

«ይሄስ?» አልኳት።

«ከወር በፊት ያመኝ ጀመር። አያቴ ተኮሱልኝ።»

አነሳሁ። ነጥቦቹ አሉ። የወቅቱ ሐኪማችን ዶክተር ናትናኤል ወጣት፣ ፈጣን፣ ጥሩ ልጅ ነው፤ ፊልሙን አየና «ኦሊየር ነው። ሕመሙ ከቃጠሎው ነው፤ ቁስሉ ይታጠብላት» አለ።

«ነጥቦቹስ ዶክተር?»

«እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ራስዎ ስለ ካሴቶቹ እርጅና ሲያማርሩ አይደለም የሚውሉት? አቧራ ነዋ።»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። ተመልሼ ካሴት ቀየርኩ። ነጥቦቹ መጡ። ሦስተኛ ካሴት አነሳሁና እጇን በጎን አዙሬ ደገምኩ። እጇ ሲዞር ነጥቦቹ አብረው ዞሩ። ሦስቱን ፊልም እርጥቡን እያንጠባጠብኩ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት።

«ዶክተር፣ አቧራ ከካሴቱ ጋር ይቀራል። ይሄ ከልጅቷ ጋር ነው የሚሄደው።»

ፊልሞቹን አንድ በአንድ እያነሳ አያቸው። እኔ ወደ አባትየው ዞርኩ። ለቦሩ ማንም ያልጠየቀለትን ጥያቄ በኦሮምኛ ጠየቅሁት፤ ከመተኮሱ በፊት እብጠቱ ምን ይመስል ነበር?

«ሰማያዊ ነበር» አለ። «ለስላሳ። ስትጫኚው ይሰምጣል፣ ስትለቂው ይመለሳል። መጥፎ ደም ነው ብለን አቃጠልነው።»

ተርጉሜ ሳልጨርስ ናትናኤል ከወንበሩ ተነሥቷል። ከበር ላይ ካርቶኔን ያነበበው ያን ቀን ይመስለኛል። የሚያመውን ክንድ ለብቻው ድጋሚ አነሳን። በአውራ ጣት በኩል ባለው አጥንት ውስጥ ካሉት አረፋዎች አንዱ የአጥንቱን ቅርፊት ከውስጥ በልቶታል። «ዛሬ ነው የምትሄደው» አለ ሐኪሙ፤ ለአዲስ አበባ መላኪያ ደብዳቤውንም ቆሞ ጻፈ።

ኦቦ ዋቆ ግን እምቢ አለ።

«አዲስ አበባ እጇን ይቆርጡታል። በዚህ እጇ ነው የምትጽፈው፣ በዚህ ነው የምትበላው። ቦሩ የሚባል ልጅ እጁ እንዲህ ነበር። እናንተ ጋ ሁለቴ መጣ። ሞተ። እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ሰው ይቀመጥ።»

በእነሱ ልማድ ከባድ ነገር የሚመለከተው ሰው ሁሉ ሳይቀመጥና ሳይናገር አይቆረጥም። በሦስተኛው ቀን ዘመዶቹና ሽማግሌዎቹ ሆስፒታሉ ግቢ ካለው ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ሐኪሙ በየሰዓቱ እየወጣ ያየኛል፤ ቀን መቁጠሩ አስጨንቆታል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከሴቶቹ መሐል የቦሩ እናት ተቀምጣለች። የኩሌ ዘመድ አይደለችም፤ ከሌላ ቀበሌ ነች። ኦቦ ዋቆ ነው እንዲህ ያለ እጅ የነበረው ልጅ ምን እንደሆነ ከእናቱ አፍ ልስማ ብሎ ያስጠራት።

ተራዬ ደርሶ ቆምኩ። ስለ በሽታው ስም፣ ስለ ሦስቱ ዓይነት ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ የሁሉም ፊት ጨለማ ነው። ንግግሬን አቆምኩ። ከዚያ ለዓመታት አፌ ውስጥ የኖረውን ተናገርኩት።

«ቦሩ መጀመሪያ ሲመጣ በሽታው ፊልሙ ላይ ነበር። አቧራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር፤ አቧራ ነው ብዬ መለስኩለት። ያን ጊዜ አውቀንለት ቢሆን በጊዜ እንልከው ነበር። የኩሌ ላይ ያለውም እነዚያው ነጥቦች ናቸው። ዛሬ አውቄያቸዋለሁ፤ ጊዜም አለን።»

ሰው ሁሉ ወደ ቦሩ እናት ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ያን ጊዜ ፊልሙን በእጄ መልሰሽ ሰጠሽኝ» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እፈራለሁ። ግን ልጅቷ አለች።»

ተነሣች። ወደ እኔ የምትመጣ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ኩሌ ሄደች። አጠገቧ ተንበርክካ የልጅቷን ልብስ ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች። ያልተተኮሰች ትንሽ ሰማያዊ እብጠት አለች። በጣቷ ተጫነቻት፤ ሰመጠች። ለቀቀቻት፤ ተመለሰች።

«የእኔም ልጅ እዚህ ጋ ነበረው» አለች። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች። «ዋቆ፣ ልጄን ላኪው ብሎ በጊዜ የለመነኝ ሰው አልነበረም። አንተን ይኸው ሰው ቆሞ ይለምንሃል። ምን ትጠብቃለህ? ሂድ።»

ኦቦ ዋቆ የኩሌን ልብስ ወደ ትከሻዋ መልሶ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ጥፋቷን እዚህ ሰው ፊት ያወጣች ሴት አትዋሸኝም» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። በማግስቱ ማለዳ ሚኒባሱ ላይ አሳፈርኳቸው፤ ፊልሞቹን በካርቶን መሐል አድርጌ ኩሌ ጭን ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የቦሩ እናት ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ዛሬ ግን ገበያ ላይ ስንገናኝ ቆማ ጤናዬን ትጠይቀኛለች።

መልሱ ከአዲስ አበባ በሁለት ወሩ መጣ። ዶክተር ናትናኤል ደብዳቤውን ኮሪደር ላይ ቆሞ አነበበልኝ። ማፉቺ ነው። በክንዷ አጥንት ውስጥ ያለው ዕጢ ወደ ካንሰር መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ ግን ገና ከቦታው አልወጣም። የታመመውን ከነዙሪያው ቆርጠው ከእግሯ በወሰዱት አጥንት ተክተውታል። እጇ ተርፏል። ከታች ደግሞ «የደም ሥር ጠጠሮቹን ለይታችሁ በጊዜ ስለላካችሁ» ብለው አመስግነዋል። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። አራተኛውን የጽዳት ሠራተኞቹ ይስሙ ብዬ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አዘዝኩት፤ አነበበ። ከዚያ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ አላየሁም፤ አንቺ አየሽ» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ የትኛውም ይህን አያህልም።

ኩሌ ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆነች። የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች በዘር የሚወርድ ነገር አለባት ሲባል ሰምተው ሊያጣሩ ሆስፒታል ድረስ መጡ። ሐኪሙ በሐኪም ቋንቋ ካስረዳቸው በኋላ እኔ በእኛ ቋንቋ አስረዳኋቸው። በዘር የሚወርደው ከአጥንት ውጭ የሚበቅለው ነው፤ የእሷ ከውስጥ ነው፤ ከአባቷም ከእናቷም አላመጣችውም። «ካላመናችሁ አባቷን አሁን ላንሳላችሁ» ብል አብሯቸው የመጣው ኦቦ ዋቆ እጅጌውን ሰብስቦ ተዘጋጀ። ሳቁና ሄዱ። ሠርጉ ላይ ጨፍሬያለሁ።

ባለፈው ወር ኩሌ ለዓመታዊ ምርመራዋ መጣች። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ግን «አንቱ ከሌሉ አልነሳም» ብላ ከቤቴ ወሰደችኝ። ራጅ በሚነሳበት ሰዓት ሕፃን አይገባምና የስድስት ወር ልጇን በር ላይ አቀበለችኝ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ ከዚያ በር ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። እንዴት ያለ ረጅም ጥበቃ ነው! ሕፃኗ ሻሼን እየጎተተች ትስቃለች፤ እኔ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ እናት ልብ ያን ቀን ተረዳሁት።

በእኔ ቦታ የገባችው ባለሙያ በሩን ከፈተች። «እትዬ ብርቄ፣ አንስቼ ጨርሻለሁ፤ ይግቡና ይዩት» አለች። ሕፃኗን እንደታቀፍኩ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆምኩ። ከልማድ የተነሣ በአውራ ጣቴ ስሙን ሸፈንኩት። ነጥቦቹ በየቦታቸው አሉ። አረፋዎቹ አልጨመሩም። የተተካው አጥንት ከነባሩ ጋር ገጥሞ አንድ ሆኗል፤ ቅርፊቱ ሙሉ ነው።

«ምን አዩ?» አለችኝ ኩሌ ከኋላዬ።

«ክፉ ነገር አላየሁም» አልኳት።

«እንግዲያው ልጄን» አለችና ያን በጠባሳ የተሞላ ቀኝ እጇን ዘርግታ ሕፃኗን ከእቅፌ ወሰደቻት።